አውራጅ የሌለው ዘፈን

ሴንት ፖል
ጥቅምት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለዮሚፍ እናት፣ ለዘነቡ፤

በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ግን በስልክ ስንነጋገር ወይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ወይ እኔ እጮኻለሁ፣ ወይ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብርዱ ይዞኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። እናትሽ እንዴት ናቸው? አሁንም ሌሊቱን ተቀምጠው ያድራሉ? እግራቸውን የምታሺበት ቅባት በሳህሉ እጅ ልኬያለሁ። ሳህሉ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ከእኔ ጋር የኪራይ መኪና የሚያጥብ ሰው ነው፤ ኅዳር ሲገባ ደብረ ዘይት ይደርሳል። ይህን ደብዳቤም እሱ ነው የሚሰጥሽ። ሌላም የያዘልሽ ነገር አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ይህን እስከ ታች አንብቢው። ከመሃል ቀደሽ አትጣዪው።

በሰኔ የለቅሶውን ካሴት ያየሽ ቀን ደወልሽልኝ። ያልሽውን አልረሳሁትም።

«ሁሉንም አየሁት» አልሽ። «ሳጥኑንም አየሁት። አንጀቴን ትንሽ ያራሰኝ እነዚያን ባለጌዎች አንገታቸውን ይዘህ ስታስወጣቸው ነው። ለአንድ ቀን እንኳ አባት ሆንክለት።»

ልጁን ይዤ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። «ውሰደው ይማር፣ እኔ እናቴ ሲሻላት እከተላለሁ» ብለሽ ነበር። እሳቸውም አልተሻላቸው፣ አንቺም አልተከተልሽ፣ እኔና አንቺም በመሃል ሌላ ሰው ሆንን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአፍሽ የሰማሁት ደግ ቃል ያ ብቻ ነው። አራት ወር ይዤው ኖርኩ። አሁን ልመልስልሽ ነው። የእኔ አይደለም።

ካሴቱ ላይ ያላየሽው ነገር አለ። በትክክል ለመናገር፣ ያልሰማሽው ነገር አለ።

ለቅሶውን የተቀመጥነው ፊሊፕስ ሰፈር ባለው አዳራሽ ነው። ውጭው በረዶ ነበር፤ ዮሚፍ ከሮዝቪል ከሥራ ሲመለስ መኪናው ከተንሸራተተበት ዕለት የባሰ። ሴቶቹ በአንድ በኩል ሆነዋል፤ እህቴ ዳራርቱ መሃል ቆማ ደረቷን እየመታች ታስለቅሳለች። ዮሚፍ የሚማርበት ኮሌጅ የኳስ ቡድን ልጆች የገቡት ያኔ ነው። አሥራ ሰባት ናቸው። ጥቁር ሱሪ አድርገዋል፣ ከላይ ሰማያዊውን የኳስ ማልያ። ጃኬታቸውን በሩ ጋ ሰቅለው ሳጥኑ ፊት ተሰለፉ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም።

ከዚያ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸውን መቱ። ሦስት ጊዜ፣ ሁሉም እኩል። ዝም አሉ። ዝምታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ቀጥለው አፋቸውን ከፍተው በአንድ ድምፅ ጮኹ። የኳስ ሜዳ ዘፈን ነው። ፈጣን ነው። ሰው ለሠርግ እንኳ እንደዚያ አይጮህም።

የዳራርቱ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ኤዶ!» አለችኝ። «አታይም እንዴ? እያሾፉብን ነው! ደረት አመታታችንን እያስመሰሉ በልጃችን ሬሳ ላይ ይጨፍራሉ!»

እኔም የመሰለኝ እሱ ነው። አምበላቸው ታይለር የሚባል ረጅም ቀይ ልጅ ነው፤ ማልያውን አንገቱ ላይ ጨብጬ «ውጣ!» አልኩት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጠጥቶ መጥቷል ብዬ አሰብኩ። ገፈተርኩት። አልታገለኝም። ሌሎቹም ተከተሉት። ጃኬታቸውን እንኳ አልወሰዱም። በዚያ ብርድ በማልያ ብቻ ወጡ። አሥራ ሰባት ጃኬት በሩ ጋ ተሰቅሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ ጠባቂ በከረጢት አድርጎ ወደ ኮሌጁ ወሰደላቸው።

አንቺ ጋ የደረሰው ካሴት ላይ ይህ ሁሉ በዋሽንት ተሸፍኗል። ቪዲዮውን ያነሳው ካሳዬ ይባላል፤ እዚህ ሠርጉንም ለቅሶውንም የሚያነሳው እሱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዋሽንት አስገብቶበታል። አንቺ ያየሽው ደረት ሲመቱና አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የሚስቁ ቢመስልሽ አልፈርድብሽም። እኔ ድምፁን እየሰማሁ እንኳ የሚስቁ መስሎኛል።

ከለቅሶው በኋላ ኮሌጁ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የዮሚፍ የልብስ ሳጥን አልተከፈተም፣ መጥተህ ዕቃውን ውሰድ ይላል። ስድስት ወር አልሄድኩም። መስከረም ላይ አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ በአሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ሄድኩ። የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት በተማረበት ግቢ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩ የት እንደሆነ ጠይቄ ነው የገባሁት።

የተቀበለኝ ዌስ የሚባል ሽማግሌ ነው። የኳሱና የማልያው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። እንግሊዝኛዬ እንደማይበቃ ሲያውቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። እዚህ አገር እንግሊዝኛ ያጠረው ሰው ሁሉ ጆሮውም የደነቆረ ይመስላቸዋል።

«የዮሚፍ አባት ነህ? የዘፈን መሪያችን አባት?» አለኝ።

«ዘፈን አይደለም» አልኩት። «ኳስ ተጫዋች ነው ልጄ።»

«ተጫዋችማ ነው» አለ። «ጎበዝ ልጅ። የተጠባባቂ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ጊዜ ገብቷል መሰለኝ። ዘፈኑን ግን ከእሱ ሌላ የሚጀምረው አልነበረም። ብናሸንፍም ብንሸነፍም እሱ ነው የሚጀምረው።»

ዘነቡ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። «ልጅሽ ቅዳሜ ሁለት አገባ» እያልኩ የነገርኩሽ ውሸት ነው። አንድም ቀን አላገባም። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ቅዳሜ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ እሠራ ነበር። «አባዬ፣ ዛሬ በሜዳችን ነው» ሲለኝ «አንተ ካገባህ በቴሌቪዥን አየዋለሁ» እለው ነበር። የትንሽ ኮሌጅ ጨዋታ በቴሌቪዥን አይታይም። እሱ ያውቃል። ይስቃል። ማታ ስጠይቀው «ደህና ነበር» ይለኛል፤ እኔ ያንን «ደህና» ሁለት ጎል አድርጌ እነግርሻለሁ።

የልብስ ሳጥኑን ዌስ ከፈተልኝ። ጫማው ነበር፣ ጭቃው ደርቆበት። አንድ ፎጣ። ያለቀ የስልክ ካርድ፣ ወደ አንቺ የሚደውልበት። ከታች በክላሰር የተያዘ ጽሑፍ አገኘሁ፤ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ለታሪክ ትምህርቱ የጻፈው ነው። ርእሱ «የኮሌጃችን የኳስ ዘፈን ታሪክ» ይላል። መምህሩ ላዩ ላይ በቀይ ቢ ፕላስ ሰጥቶታል።

ሦስት ሳምንት አነበብኩት። በእረፍት ሰዓት፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። ያልገባኝን ተመልሼ ዌስን ጠየቅኩት። የሚለው ይህን ነው።

ዘፈኑ በእነሱ አቆጣጠር በ1911 የተሠራ ነው። የሠራው ኦስካር የሚባል ተማሪ ነው። ኮሌጁ ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ከወንዙ ማዶ ከሚኒያፖሊስ የሚመጡ ተጋጣሚዎች «ከዚያ እናወርዳችኋለን» እያሉ ይዝቱባቸው ነበር አሉ። ኦስካር መልስ አድርጎ ጻፈው። አንዱ «ኮረብታው ላይ ያለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ሁሉ «እኛ ነን፣ እኛ ነን፣ ገና አልወረድንም» ብሎ ይቀበላል። ዘፈኑ ይኸው ነው። ብዙ ቁም ነገር የለውም።

ከጊዜ በኋላ የሚጠይቀው ካርል የሚባል ልጅ ሆነ። ትልቁን ከበሮም የሚመታው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ይመታና ይጠይቃል። በ1918 መኸር የሳንባ በሽታው መጣ፤ ያ ዓለሙን ሁሉ የፈጀው፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው። ኮሌጁ የስፖርት አዳራሹን ሆስፒታል አደረገው። ካርል ኳስ በሚጫወትበት ወለል ላይ ተኝቶ ሞተ። እናቱ በስተሰሜን ገበሬ ነበረች፤ መንገዱ በበሽታው ስለተዘጋ ሳታየው ተቀበረ።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ከበሮውን ወደ ሜዳ አወጡት፤ ግን የሚመታው ጠፋ። ማንም መንካት አልፈለገም። ልጆቹ በከበሮው ፋንታ ደረታቸውን መቱ። ካርል የሚጠይቅበት ቦታ ሲደርስ ማንም አልጠየቀም። የጥያቄውን ያህል ዝም አሉና «እኛ ነን» ብለው ተቀበሉ። ያን ቀን ሠላሳ ሦስት ለባዶ ተሸንፈዋል፤ ያኔ የሚጫወቱት በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካ ኳስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ዘፈኑት። ከዚያ ሌላ ጠያቂ ተሾመ፣ ዘፈኑም ፈጠነ፣ ዝምታው ተረሳ። ደረት መምታቱ ብቻ ቀረ። ለምን እንደሚመቱ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዌስ ራሱ ሠላሳ ዓመት ሲመቱ እያየ አያውቅም ነበር። ዮሚፍ ነው ያገኘው። ኦስካር ለካርል እናት የጻፈው ደብዳቤ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ካርቶን ውስጥ ነበር። ልጅሽ ቁጭ ብሎ ገልብጦታል።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ የጻፈውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«በወላጆቼ አገር ዘፈን ሁለት ወገን አለው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጁ ሲደክመው ሌላ ይተካዋል እንጂ ተቀባይ ያለ አውራጅ አይዘፍንም። የካርል ጓደኞች ግን የእሱን ቦታ ባዶ ትተው ተቀበሉ። ይህን የሚያህል ለቅሶ አላውቅም።»

ከጽሑፉ ጎን ትንሽ ቁጥር አለ፣ ሰባት ይላል። እዚህ አገር ተማሪ ነገሩን ከየት እንዳመጣው ከገጹ ግርጌ ይጽፋል፤ መጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉን፣ ሰው ከሆነ ሰውየውን። ሰባት ቁጥር ጋ የተጻፈው «ዘነቡ ጉርሜሳ፣ በስልክ የተደረገ ንግግር፣ ኖቬምበር 2005» ነው፤ በእኛ አምና ኅዳር መሆኑ ነው። ጠይቆሽ ነበር ማለት ነው። ታስታውሺያለሽ? ስለ ምን እንደጠየቀሽ ሳታውቂ መልሰሽለት ይሆናል። ስምሽ በልጅሽ እጅ ከትልልቅ መጻሕፍት ጋር ተጽፏል። አሥራ አንዱንም ገጽ ልኬልሻለሁ።

የእኔን ስም ፈለግኩ። የለም። አብሬው ነበር የምኖረው፤ ለመጠየቅ ካርድ አያስፈልገውም ነበር። ቢጠይቀኝ «ደክሞኛል፣ ነገ» እለው እንደነበር ያውቃል።

አሁን ለቅሶው ቀን ምን እንዳደረግኩ ገባሽ? ልጆቹ ያንን ዝምታ ያወቁት ከእሱ ነው። ዱሉት የሚባል ከተማ ሄደው ተሸንፈው ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ጽሑፍ አንብቦላቸዋል። እሱ ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ስላልነበረ እሱ የነገራቸውን አደረጉ። እያለቀሱለት ነበር። ከዳራርቱ ያልተናነሰ እያለቀሱለት ነበር። አንገታቸውን ይዤ አስወጣኋቸው።

ባለፈው ቅዳሜ አልሠራሁም። አለቃዬ «ታመህ ነው?» አለኝ። «ልጄ ጨዋታ አለው» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

ሜዳው ትንሽ ነው። ሰው ሃምሳ አይሞላም። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ሲያልቅ ተሰለፉ፤ ደረታቸውን ሦስት ጊዜ መቱና ዝም አሉ። ዘንድሮ አውራጅ አልመረጡም። በየጨዋታው እንዲሁ ነው የሚዘፍኑት አለኝ ዌስ።

ታይለር አየኝ። ወደ እኔ መጣና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ እጄ እንዳይደርስበት ይመስለኛል። ሌሊት ሌሊት ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ።

«ያን ቀን አላወቅኩም» አልኩት።

«እኛም አላወቅንም» አለኝ። «ደረት መምታት የእናንተ ለቅሶ መሆኑን በኋላ ነው የሰማነው። እናቱን ያስቀየምን ይመስለናል። እናቱ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት። ምን ልበለው?

«የእናቱን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን» አለ። «እሑድ እሑድ እኛ መኝታ ክፍል መጥቶ ሲደውልልሽ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሰማን ነበር። በጣም ነበር የምንስቀው። በክፉ አይደለም።»

ከዚያ የጠየቀኝን እኔም አንቺን እጠይቅሻለሁ። የካቲት ላይ ሙት ዓመቱ ነው። ሮዝቪል መቃብሩ ላይ መጥተው እንዲዘፍኑለት ይፈልጋሉ። ዳራርቱ «እናቱ ካልፈቀደች እግራቸውን እሰብራለሁ» ብላለች፤ ታውቂያታለሽ፣ ታደርገዋለች። የሰፈሩ ሰውም ልጆቹን የሚያነሳቸው ባለጌ እያለ ነው። አንቺ እሺ ካልሽ ግን ማንም አይናገርም። ለመቅበሩ አልደረስሽም፤ ቢያንስ ይህ በአንቺ ቃል ይሁን። እሺም በይ፣ እምቢም በይ፣ አልከራከርሽም። ብቻ ሳትሰሚ አትወስኚ። እኔ ሳልሰማ ወስኜ አይቼዋለሁ።

ለዚህ ነው ካሳዬ ቤት የሄድኩት።

«ዋሽንቱን አውጣልኝ» አልኩት።

«ጋሼ ኤዶሳ፣ እኔ እኮ ለማሳመር ነው» አለ። «አገር ቤት የሚላክ ለቅሶ ጥሬውን አያምርም። ሰው ይቀየመኛል።»

«ድምፁን ጥለኸዋል?»

«እኔ ምንም ነገር ዲሊት አላደርግም። ግን ጩኸት ነው እኮ። የእርስዎም ጩኸት አለበት። ስድቡም ይሰማል። እሱን ልቁረጠው?»

«አትቁረጥ» አልኩት።

ሳህሉ የያዘልሽ ሌላው ነገር ይህ ካሴት ነው። ከጎረቤት ጋር አትዪው። ብቻሽን እዪው። እኔ የምናገረውን ስትሰሚ አታጥፊው፤ የሆነው እሱ ነው።

ጫማውን እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። ከፈለግሽው ጻፊልኝ፣ እልከዋለሁ። ጭቃውን አላራገፍኩትም።

እናትሽን እግራቸውን ይማራቸው። አንቺንም ማታ ማታ ሰው የሌለበት ቤት አያስገባሽ። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ምግብ ብዪ።

ኤዶሳ
የዮሚፍ አባት

ማስታወሻ፦ ልጆቹ ደረታቸውን ሦስት ጊዜ ከመቱ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ካሴቱ የተበላሸ እንዳይመስልሽ፤ ወደፊት አታስኪጂው። ዝምታው ዮሚፍ የሚያወርድበት ቦታ ነው። እሑድ እሑድ በስልክ «ዊ አር በይ፣ ዊ አር በይ»፣ እኛ ነን በይ ማለቱ ነው፣ እያለ ያስጮህሽ የነበረው፣ «ልጅህ ፈረንጅ አደረገኝ» እያልሽ የነገርሽኝ፣ የዚህ ዘፈን መቀበያ ነው። ከዝምታው በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ።